ኖዶቹ ኢንተርኔት አያገኙም፦ የትንሽ ሊኑክስ ክላስተር ችግርና መፍትሄ

አቀማመጡ ይህ ነው እንበል። ጌትዌዩ (ክላስተሩን ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ማሽን) ሁለት የኔትወርክ ካርድ አለው፤ አንዱ ወደ ቤቱ ራውተር፣ ሌላው ወደ ስዊቹ። ስዊቹ ላይ የተሰኩት ራስበሪ ፓዮች፣ ማለትም ኖዶቹ፣ 10.0.0.0/24 ውስጥ ናቸው፤ የጌትዌዩ የውስጥ አድራሻ 10.0.0.1።

ምልክት፦ ኖዱ 10.0.0.1ን ፒንግ ያደርጋል፣ 8.8.8.8ን (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) ግን አያገኝም

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፋየርዎል መነካካት ይጀምራል። መጀመሪያ ፓኬቱ የት እንደቀረ እዩ። ኖዱ ላይ ፒንጉ እየሄደ፣ ጌትዌዩ ላይ ቲሲፒደምፕን (tcpdump፣ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) በሁለቱም ካርዶች ክፈቱ።

በውስጠኛው ካርድ ምንም ካልታየ የኖዱ ዲፎልት ጌትዌይ 10.0.0.1 አይደለም። በውስጠኛው ገብቶ በውጭኛው ካልወጣ አይፒ ፎርዋርዲንግ (ፓኬትን ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ማሳለፍ) ጠፍቷል፤ net.ipv4.ip_forward 0 ከሆነ 1 አድርጉት። 1 ሆኖም ካላለፈ ጌትዌዩ ላይ ዶከር (የኮንቴይነር ፕሮግራም) ጭናችሁ እንደሆነ አስታውሱ፤ የፋየርዎሉን የፎርዋርድ ፖሊሲ ሳይነግራችሁ ድሮፕ (ጣል) ሊያደርገው ይችላል። ወጥቶ መነሻ አድራሻው አሁንም የኖዱ የራሱ፣ ለምሳሌ 10.0.0.23፣ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ማስከሬድ (መነሻ አድራሻውን በጌትዌዩ አድራሻ መተካት) ነው። ራውተሩ ያንን አድራሻ ስለማያውቀው መልሱን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። በኤንኤፍቴብልስ (nftables፣ የሊኑክስ ፋየርዎል) ውጭኛው ካርድ ላይ ጨምሩት።

8.8.8.8 መልስ ሰጥቶ የድረ ገጽ ስም ካልሠራ ጉዳዩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ብቻ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ኖዶች አንድ አድራሻ ይይዛሉ

ኡቡንቱ ሰርቨርን አንድ ኤስዲ ካርድ ላይ አዘጋጅታችሁ ለሁሉም ኮፒ ካደረጋችሁ የማሽን መለያ ቁጥሩም አብሮ ተባዝቷል። ለዲኤችሲፒ ሰርቨሩ (አድራሻ ለሚያድለው) አንድ ማሽን ይመስሉታል። የማሽን አይዲ ፋይሉን (/etc/machine-id) ባዶ አድርጋችሁ ሪስታርት አድርጉ፤ አዲስ ይፈጠራል።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ምንም አይሠራም

ሁለት ነገር ነው። ፎርዋርዲንጉንም ማስከሬዱንም ተርሚናል ላይ ብቻ ከጻፋችሁት ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል፤ ፋይል ላይ አስቀምጡት፣ የኤንኤፍቴብልስ ሰርቪሱም ማሽኑ ሲነሳ እንዲነሳ አድርጉ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ሰው የሚረሳውም ይሄንኑ ነው። ራስበሪ ፓይ 4 የሰዓት ባትሪ የለውም፣ ስለዚህ ከጠፋበት ሰዓት አካባቢ ይነሳል። ስለርም (Slurm፣ ሥራን ለኖዶቹ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም) ማሽኖቹን ለማረጋገጥ በመንጅ (MUNGE) ነው የሚተማመነው፤ መንጅ ደግሞ ካልቀየራችሁት በቀር ከ300 ሰከንድ ያለፈ ማረጋገጫ አይቀበልም። ኖዱ ፒንግ እያደረገ ስለርም ውስጥ ዳውን (የማይሠራ) ተብሎ ይቀመጣል። ጌትዌዩ ላይ ክሮኒ (chrony፣ ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራም) ጭኑና ኖዶቹ ሰዓታቸውን ከእሱ ይውሰዱ። ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላም ኖዱ ዳውን እንዳለ ከቆየ በስለርም ትዕዛዝ በኤስኮንትሮል (scontrol) ሪዚዩም በሉት።