ሌባ ሲገባባችሁ ብርጭቆ አትጠቡ

እኛ ድሬዎች ቤታችን ሲሰረቅ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? መጥረግ። ቀጥሎ ማጠብ። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ይገባና የተሰበረውን መስኮት ተራ በተራ እየዳሰሰ «አይ ጊዜ!» ይላል። ፖሊስ ሲደርስ ቤቱ ለሰርግ የተሰናዳ ይመስላል።

በራሴ ደርሶ ነው የምለው። ሐረር ለቅሶ ደርሰን፣ እዚያው አድረን ስንመለስ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ተሰብሯል። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ላፕቶፑ የለም። ሌባው ደግሞ አልቸኮለም። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ትቷል፣ ወለሉ ላይ የታኘከ ጫት ተፍቷል። እኔ በር ላይ ከጎረቤት ጋር ሳወራ አክስቴ ብርጭቆውን አጥባ፣ ወለሉን በበረኪና ወልውላ ጨርሳለች። «የሌባ አፍ የነካውን ልተወው እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ምን ይባላል።

ያ ብርጭቆ ስም ነበረው። ምራቅ ውስጥ ከጉንጭ የተላጡ ሴሎች አሉ፣ ሴሉ ውስጥ ደግሞ ዲኤንኤ አለ፣ ከእናትና ከአባት የወረስነው በኬሚካል ፊደሎች የተጻፈ መመሪያ። የማንኛውም ሁለት ሰው ዲኤንኤ 99.9 በመቶ ያህል አንድ ነው፤ ላብራቶሪው የሚፈልገው የምንለያይበትን ነው። አጫጭር የፊደል ስብስቦች እየተደጋገሙ የሚጻፉባቸው ቦታዎች አሉ፣ ለምሳሌ እኔ አንዱ ቦታ ላይ ከአባቴ 11 ድግግሞሽ፣ ከእናቴ 14 ወርሼ ይሆናል። ይህን አንድ ቦታ ብቻ ካያችሁ ብዙ ሰው ይጋራኛል። እንደ አሜሪካኖቹ (ከ2017 ጀምሮ፤ ሌላ ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) 20 ቦታ ካያችሁ ግን ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንትያ ከሌለኝ በቀር የሚመስለኝ አይገኝም። ናሙናው ጥቂት ቢሆንም ችግር የለም፣ ማሽኑ እያባዛው ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ስለሚሆን ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ ከቢሊዮን ያልፋል። በረኪና የነካውን ግን ማሽንም አያድነውም። በረኪና ዲኤንኤን ይበጣጥሰዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አትግቡ። ገብታችሁ ከሆነ በገባችሁበት ውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ፖሊስ ጥሩ። ጎረቤትን በር ላይ ማስቆም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ሰው ይቀየማል። ቢቀየምም ይሻላል። እስከዚያ ከሩቅ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ሌባው የነካውን፣ የጠጣበትን፣ የተፋውን፣ የጣለውን የሲጋራ ቁራጭ። መስኮት ሲሰብር እጁን ቆርጦት ከሆነ መስታወቱ ላይ ያለው ደም ወርቅ ነው። (የሚገርመው ቀዩ የደም ሴል ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ኒውክሊየስ የለውም፤ ዲኤንኤው የሚገኘው ከነጮቹ ነው።)

ዕቃ ማንሳት የፖሊስ ሥራ ነው። ግን ዝናብ መጣ፣ ግቢ ያለው ነገር በጎርፍ ሊወሰድ ነው እንበል፤ የደቻቱን ወንዝ ጠባይ ለምታውቁ አልነግራችሁም። ያኔ ንጹህ ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዕቃው ላይ አታውሩ አታስነጥሱ። አንዱን ዕቃ ካነሳችሁ በኋላ ጓንት ቀይሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ፌስታል ውስጥ አታስገቡ! ድሬ ላይ ሁሉም ነገር ፌስታል ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይህ ግን አይገባም። እርጥብ ነገር በድሬ ሙቀት ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ባክቴሪያና ሻጋታ ዲኤንኤውን ይበላዋል። ወረቀት ነው የሚያስፈልገው፤ ካኪ ፖስታ፣ ካጣችሁ ያልተነካ ንጹህ ወረቀት። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ቬንትሌተርም አታብሩበት። አንድ ዕቃ፣ አንድ ፖስታ። ላዩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተገኘበትን ቦታና ያነሳውን ሰው ጻፉ። ፖስታውን ደግሞ በምላሳችሁ አርሳችሁ እንዳታሽጉት፣ የሌባውን ትታችሁ የራሳችሁን ምራቅ ነው የምትልኩት።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የጀርመን ፖሊስ ለዓመታት አንዲት ሴት ሲያሳድድ ነበር። ዲኤንኤዋ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ፈረንሳይ ውስጥ ግድያ ላይም ተራ ስርቆት ላይም ይገኛል፣ ማንም ግን አይቷት አያውቅም። በ2009 ሲታወቅ ሴትዮዋ ወንጀለኛ አልነበረችም። ናሙና መጥረጊያው ጥጥ የሚታሸግበት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ጥጡ ከጀርም ነጻ ነበር፣ ከዲኤንኤ ግን አልነበረም።

አንድ ነገር ሳልቀልድ ልናገር። ፆታዊ ጥቃት የደረሰበት ሰው ካለ ገላውን ሳይታጠብ፣ ልብሱን ሳያጥብ በቶሎ ሆስፒታል ይሂድ። ልብስ ከተቀየረ የወለቀው በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይሄዳል። ናሙና አብዛኛውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚወሰደው፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ታጥባችኋልም ቢሆን ሂዱ፣ «አሁንማ አለፈ» ብላችሁ አትቅሩ።

ውጤት ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አትፍረዱ። ዲኤንኤ «የዚህ ሰው ሴል እዚህ ነበር» ይላል እንጂ መቼና ለምን እንደነበር አይናገርም። የእኛን ቤት ውሰዱት። ከለቅሶው በፊት በነበረው ቅዳሜ እዚያው ሳሎን ሦስት ጓደኞቼ ጋር በርጫ ላይ ነበርኩ። ገራባው (የጫቱ ትርፍራፊ) ተጠርጎ ይሁን ከሶፋው ሥር የቀረ ይኑር እኔ ራሴ አልምልም። ያ የታኘከ ጫት ተመርምሮ የጓደኛዬ ቢሆንስ? ስለዚህ ባለፉት ቀናት ቤታችሁ የገባውን ሰው ሁሉ፣ ዘመድም ሠራተኛም፣ ጽፋችሁ ለፖሊስ ስጡ። የእነሱ ናሙና የሚያስፈልገው ከጥርጣሬ ለማውጣት ነው።

የዲኤንኤ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይም የጀመረው ሰው ነጻ በማውጣት ነው። አሌክ ጄፍሪስ ዘዴውን ያገኘው በ1984 እንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበርና አንድ የ17 ዓመት ልጅ አንዱን ግድያ አምኗል። ምርመራው ልጁ አይደለም አለ። ፖሊስ 5 ሺህ ያህል ወንዶችን ናሙና ጠየቀ፤ ገዳዩ ኮሊን ፒችፎርክ የሥራ ባልደረባው በእሱ በገዳዩ ስም ናሙና እንዲሰጥ ላከው። ፒችፎርክ የተያዘው ያ ባልደረባው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲያወራ ሰው ሰምቶት ነው። ማሽኑም ወሬ ያስፈልገዋል።

እዚያችው ሌስተር፣ በ2012፣ የመኪና ማቆሚያ ሥር አጽም ተቆፈረ። በ1485 ጦርነት ላይ የሞተው ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ነው ተባለ። እንዴት ይረጋገጥ? እናት ለልጆቿ ሁሉ፣ ሴት ልጅ ደግሞ ለልጆቿ የምታወርሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አለ። የንጉሡን እህት የሴት መስመር ተከትለው በሕይወት ያሉ ሁለት ዘመዶች አገኙ፣ ገጠመ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው ዋይ ክሮሞዞም ግን በአባት መስመር ከተገኙት ዘመዶች ጋር አልገጠመም። በመሃል አንዱ አባት በወረቀት ብቻ አባት ነበር ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ከተማ ሰው ይጠቅማል። ድሬዳዋ በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት፤ «አያታችን ግሪክ ነበር»፣ «አይ አርመን ነው»፣ «የመን ነው» የሚል ክርክር ያለበት ቤት ሞልቷል። ማጣራት የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው ሰው በየትኛው መስመር እንዳለ በወረቀት ሳሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእናቱን አባት ሲፈልግ ነው። የእናታችሁ አባት ዋይ እናንተ ጋ የለም፣ ማይቶኮንድሪያውም አልወረደላችሁም። ከእሱ ያላችሁ ሩብ ያህል የቀረው ዲኤንኤ ነው። አጎታችሁ፣ ማለትም የእናታችሁ ወንድም፣ ካለ ግን የአያታችሁን ዋይ እንዳለ ይዞታል፤ ምራቅ እሱ ይስጥ። ምንጊዜም በዕድሜ የገፋው ሰው ይቅደም፣ እናንተ ትደርሳላችሁ። ደግሞ በሰባት ቤት ቆጠራ አትመኩ፤ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 አያቶች አሉ፣ የእናት መስመሩ የሚያወራው ስለ አንዷ ብቻ ነው። «ይህን ያህል በመቶ ግሪክ» የሚለው ውጤትም ግምት ነው፣ ከዚያ ይልቅ «ይህ ሰው የአክስት ልጅህ ይመስላል» የሚለውን እመኑ።

አጥንትስ? ሙቀት የአጥንትም ጠላት ነው። እኛ ጋ ከከተማው ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ፣ በ1930ዎቹ የሰው መንጋጋ ቁራጭ ተገኝቶበታል፤ ከእንዲህ ያለ ሞቃት ቦታ ዲኤንኤ መጠበቅ በጣም ብዙ መመኘት ነው። ከአፍሪካ መጀመሪያ ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም (የአንድ ሰው ዲኤንኤ በጠቅላላ) የተነበበው ከኛው አገር ነው፣ ግን ከደጋው ጋሞ፣ ከሞታ ዋሻ። የ4,500 ዓመቱ ሰውዬ ባይራ ተባለ፣ ዲኤንኤው የወጣው ከጆሮ ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት ነው። ጥናቱ በ2015 ወጣ፣ በ2016 ደግሞ ደራሲዎቹ ራሳቸው የኮምፒውተር ስህተት አግኝተው አንዱን ትልቅ ድምዳሜ አረሙ። ወድጄላቸዋለሁ።

የጠፋ ሰው ያላችሁ ደግሞ የጥርስ ብሩሹን፣ ማበጠሪያውን፣ መላጫውን አትጣሉ፣ እንደ ሌባው ብርጭቆ በየራሱ ፖስታ ይቀመጥ። በመጋቢት 2011 በእኛ አቆጣጠር የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የነበሩት 157 ሰዎች ማንነት የተለየው ቤተሰቦች በሰጡት ናሙና ጭምር ነው። ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም እህት ከሆናችሁ የናንተው ምራቅ ይረዳል።

ምራቃችሁን ውጭ ላለ ድርጅት ከመላካችሁ በፊት ግን ቤተሰቡን አማክሩ። በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያልተያዘ ገዳይ የተገኘው እሱ ናሙና ሰጥቶ አይደለም፣ የሩቅ ዘመዶቹ ዲኤንኤ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ስለነበረ ነው። አክስቴን ጠይቄያት ነበር። «አባቴ ሌላ ልጅ ቢገኝበትስ?» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች።