ካንሰር የጠናባት እናት ወይ ዘመድ ካለቻችሁ፣ ህክምናውን ከሷ ጋር እንዴት ታቅዳላችሁ

እኛ ሀገር የተለመደው ምንድነው፣ ውጤት ሲመጣ ልጅየው ወይ ወንድምየው ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ቀድሞ ያገኘውና "እባክዎ ለሷ እንዳይነግሯት" ይላል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከዛ በኋላ ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) በሉት ወጪው በሉት ሀገር ቤት መመለሱ በሉት ሁሉም ያለሷ ይወሰናል።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ጠይቁ። ስለ በሽታው በማውራት መጀመር የለባችሁም፣ "እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለኛ ይንገረን?" በሏት። "ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ይቅርብኝ" ካለች አክብሩላት፣ ቆይታችሁ ግን ደግማችሁ ጠይቁ፣ ሰው ሀሳቡን ይቀይራል። ብዙዎቹኮ ያውቁታል፣ ወረፋ ላይ አብረዋቸው የሚቀመጡትን እያዩ፣ ለናንተ ብለው ነው ዝም የሚሉት።

ከዛ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ይመረጥ፣ ታላቅ ስለሆነ ወይ ከአሜሪካ ብር ስለሚልክ ሳይሆን እሷ የምታምነው። ደብተር ይያዝ፣ ውጭ ላሉት በቴሌግራም ግሩፕ እሱ ያሳውቅ። "ይሄ ህክምና ሊያድናት ነው ወይስ ህመሙን ሊያስታግስላት? ባትወስደውስ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ በተለይ ቤት ሸጣችሁ ውጭ ሀገር ልትወስዷት ካሰባችሁ ከመሸጣችሁ በፊት። ራዲዮቴራፒ (የጨረር ህክምና) ለብዙ ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ጅማም አለ፣ ግን ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ህክምናው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል የት እንደምታርፍና ማን አብሯት እንደሚቆይ ቀጠሮ ሳትይዙ ተነጋገሩ።

ህመም ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ሞርፊን በሚባለው ጠንካራ የህመም ማስታገሻ ነው። "ሱስ ይሆንባታል" ወይ "ሞርፊን ከታዘዘማ አበቃላት" እየተባለ ሽሮፑ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እሷ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በሐኪም ትዕዛዝ ለካንሰር ህመም ሲወሰድ የሚፈራው ሱስ ብዙም አይደለም፣ ሞርፊን የሚታዘዘውም ህመሙ ስለበረታ ነው እንጂ ሞት ስለደረሰ አይደለም። ሽሮፑ ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ህመሙ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ መጠኑንም ከራሳችሁ አትቀንሱ አትጨምሩ። ሆድ ያደርቃል፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት እዛው በዛው ቀን አጽፉ። ህመሟን በጣት ታሳያችሁ፣ ጭብጥ እጅ ምንም የለም፣ 5 ጣት የማይቻል ህመም፣ ደብተሩ ላይ "ሌሊት 8 ሰዓት፣ 4 ጣት" ብላችሁ ጻፉ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለማስተካከል በጣም ይጠቅመዋል። ጸበል የምትሄድ ከሆነም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

ህክምናው አልሰራ ካለ የት መሆን እንደምትፈልግ መናገር እየቻለች ጠይቋት፣ ቤት ነው ሆስፒታል፣ ማንን ማየት ትፈልጋለች፣ የንስሐ አባቷን ጥሩልኝ ትላለች ወይ፣ ኑዛዜ አላት ወይ። ቤት ካለች አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ድረስ እየሄደ ይረዳል፣ ሐኪማችሁን ስለሱ ጠይቁት። የሌሊቱን ተራ ደግሞ ከወዲሁ ተከፋፈሉ፣ አንዲት እህት ላይ ብቻ አትጣሉት፣ ጎረቤትና የእድር ሰው "ምን እናግዝ" ሲል ቀኑን ቆጥራችሁ ስጡት።