ላይቭ ላይ የሚያስደነግጠው ስህተት ከላይቩ በፊት የተሠራው ነው

ጎንደር ውስጥ ሳልባጅ፣ ጫማ ወይም የሐበሻ ቀሚስ እያመጣ በቲክቶክና በቴሌግራም ላይቭ የሚቸረችር ሰው ላብ የሚያጠምቀው ካሜራ አይደለም። ዋጋውን፣ ልኩንና ክፍያውን እዚያው ተመልካች ፊት ሊወስን መሞከሩ ነው።

ሳይለኩና ቁጥር ሳይሰጡ መግባት

«ቁመቷ ስንት ነው?» ሲባል ሜትር ፍለጋ ከተነሡ ተመልካቹ ይበተናል። ለአንድ ሰዓት 24 ዕቃ ይበቃል፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይለጥፉ። ደብተርዎ ላይ ከቁጥሩ ጎን መግዣውን፣ መሸጫውን፣ ከዚያ በታች የማይወርዱበትን ዋጋ፣ ልኩንና እንከኑን ይጻፉ።

ሳልባጅ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። በሴቶች ልብስ የእንግሊዙ 12 ባብዛኛው የአሜሪካው 8፣ የአውሮፓው 40 ነው፤ ልብሱ በእጥበት ገብቶ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም አይሠሩም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከብብት እስከ ብብት፣ ወገቡንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ይለኩ። ከብብት እስከ ብብት 48 ከሆነ የደረት ዙሪያው 96 ነው። የተነቀለ ቁልፍ ወይም የማይሠራ ዚፕ ካለ ለካሜራው አስጠግተው ያሳዩ። የደበቋት ቀዳዳ በባጃጅ ተመልሳ ትመጣለች፤ የባጃጁም ሂሳብ የእርስዎ ነው።

መግዣው ላይ ብቻ ትርፍ መጨመር

በ1,400 ብር የተገዛ ቀሚስ የጭነት ድርሻው 50፣ ፌስታሉ 15፣ ማድረሻው 100 ብር ቢሆን ገዢው እጅ የሚገባው በ1,565 ነው። በ1,600 ሸጦ «200 አተረፍኩ» ያለ ሰው ያተረፈው 35 ብር ነው። ማድረሻው በገዢ ከሆነ መጀመሪያውኑ ይንገሩ፤ መሀል ከተማ ያለው ፒያሳና ራቅ ያለው አዘዞ አንድ ዋጋ አይሆኑም።

የማውረጃ ፍጥነት አይቶ መተማመን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳየ ኔትወርክ ላይቭ ላይችል ይችላል፤ ላይቭ የሚፈልገው የመጫኛ (አፕሎድ) ፍጥነት፣ ማለትም ከስልክዎ ወደ ኢንተርኔት የሚላክበት ፍጥነት ነው። በፍጥነት መለኪያ መተግበሪያ፣ በሚሸጡበት ክፍል፣ በሚሸጡበት ሰዓት ይለኩት። ቀን በ5 ሰዓት የተለካ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አይሠራም። የተረጋጋ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ከተገኘ መልካም ነው። ላይቩ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢወስድ በሰዓት 900 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላልና ጥቅሉን በዚያ ልክ ይግዙ።

ሌላው ጠላት ጥሪ ነው። ጥሪን በ4ጂ የማያስተናግድ ስልክ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ስለሚወርድ ላይቩ ይቆማል። ሁለት ሲም የያዘ ስልክ ላይም በአንዱ ሲደወል የሌላው ዳታ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል። ስለዚህ ላይቭ የሚገቡበት ስልክ ውስጥ ማንም የማያውቀው ቁጥር ብቻ ይሁን፤ የሚታወቀው ሲም ሌላ ስልክ ላይ ገብቶ ረዳትዎ ይያዘው።

መብራት አይጠፋም ብሎ መግባት

ራውተር የሚጠቀሙ ከሆነ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ የሞባይል ዳታ ተዘጋጅቶ ይቆይ። 10 ዋት የሚበላ ሪንግ ላይት በ10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ስልኩ ከዚያው ከተሞላ ግን ጊዜው ያጥራል። ቻርጅ ላይ ሆኖ ላይቭ የሚያስተላልፍ ስልክ ይግላል፣ ስክሪኑም ይደበዝዛል፤ መሸፈኛውን አውልቁለት። ቢጫ አምፖል ነጩን ቀሚስ ክሬም አስመስሎ ያሳያልና ነጭ ብርሃን ይምረጡ። በፊት ካሜራ ሲቀርጹ ጽሑፍ ሊገለበጥ ስለሚችል ዋጋው ለተመልካች እንዴት እንደሚታይ በሁለተኛ ስልክ ይዩ።

በስክሪንሾት ዕቃ መልቀቅ

የቴሌብርም የባንክም ደረሰኝ ሥዕል በቀላሉ ይሠራል፤ የአጭር መልእክት አስመሳይም አለ። የሚታመነው የራስዎ አካውንት ላይ የገባው ብርና የግብይት ቁጥሩ ነው። ይህን ላይቭ ላይ ቆመው ማጣራት አይችሉም፤ የረዳት ሥራ ነው። ረዳት ከሌለ «ክፍያ የሚረጋገጠው ላይቩ ካለቀ በኋላ ነው» ብለው ይጀምሩ፤ አስተዋይ ገዢ አይቀየምም።

አንድ ፍሬ ብቻ ላለው ዕቃም ሕግ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «14 ወሰድኩ» ብሎ ቀድሞ የጻፈ፣ ላይቩ ካለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልከፈለ ለቀጣዩ ያልፋል። ቪዲዮው ለሁሉም እኩል ስለማይደርስ ሁለት ሰዎች «እኔ ቀደምኩ» ይላሉ። ዳኛው በእርስዎ ስልክ የታየው ቅደም ተከተል መሆኑን አስቀድመው ይንገሩ።

ለጥምቀት ዘግይቶ መሸጥ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ጎንደር ላይ ነገሩ የገበያ ሕግ ነው። ቀሚስ ግን ከተገዛ በኋላ ያጥራል፣ ይጠባል፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ በጥር መጀመሪያ ሥራ ይበዛበታል። የቀሚስ ላይቭ ታኅሣሥ ውስጥ ይሁን። የማስረከቢያውን መጨረሻ ጥር 8 ያድርጉት፤ ጥር 10 ከተራ ነውና ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፣ ባጃጅም ደንበኛዎ በር ላይ አይደርስም።