እቅዱን ተዉትና ሰዓቱን ያዙ

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ደብተር እናወጣለን። ዘንድሮ 10 ኪሎ እቀንሳለሁ፣ 100 ሺህ ብር አጠራቅማለሁ፣ 20 መጽሐፍ አነባለሁ። እኔም ለዓመታት እንዲህ ስጽፍ ነበር። መስቀል እስኪያልፍ ትንሽ እንፍጨረጨራለን፣ ጥቅምት ላይ ደብተሩ የት እንደገባም አናውቅም።

ሰነፎች ስለሆንን አይመስለኝም። ባንክ ያስቀመጠውን 500 ብር ሳይነካ ወር መድረስ ያቃተው ያው ሰው እኮ፣ እቁብ ሲገባ ተበድሮም ቢሆን ያደርሳል። ምክንያቱም ቀኑ የታወቀ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ብትቀሩ ደውሎ የሚጠይቃችሁ ዳኛ አለ። «ዛሬ ልክፈል ወይስ ይለፈኝ?» የሚባል ነገር የለም። ጾምም እንደዚሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ማክሰኞ ማታ ቁጭ ብሎ አያመነታም፣ ቀኑ ወስኖለታል። ሑዳዴም 55 ቀን ነው፣ ግን 55ቱን አንድ ላይ የሚሸከም የለም፣ ሁሉም የዛሬን ጾሞ ያድራል።

እንግዲህ ይህንኑ ለሌላው ነገራችን እናውለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። ሦስት ከጀመራችሁ ሦስቱም ይወድቃሉ።

ከዚያ ሰዓቱን በየቀኑ ከማትቀሩበት ነገር ጋር እሰሩት። «ማታ አነባለሁ» ማለት ሰዓት አይደለም፤ ማታ እራት አለ፣ ልጅ አለ፣ ስልክ አለ። እኔ የያዘልኝ «የጠዋት ቡናዬን ጠጥቼ ስኒው ሳይነሳ» የሚለው ነው። መጽሐፉ ማታውኑ ስኒው የሚቀመጥበት ቦታ ያድራል፣ ስልኩ ደግሞ ሌላ ክፍል። ጠዋት ላይ የምፈልገውም የማስበውም ነገር የለም።

ትልቁ ስህተት መጠኑ ላይ ነው። ሰው የሚለካው ደስ ባለው ቀን ነው። እናንተ በከፋው ቀን ለኩት፦ መብራት የጠፋ ዕለት፣ የታክሲ ሰልፍ ያደከማችሁ ዕለት፣ ያልታሰበ እንግዳ የመጣ ዕለት። በዚያ ቀን የማይከብዳችሁ ምን ያህል ነው? እኔ በቀን 20 ገጽ ብዬ ጀምሬ አራት ቀን ነው የቆየሁት። ወደ 2 ገጽ ሳወርደው ግን ቀጠለ፣ ብዙ ጊዜ እንደውም ሳላስበው ስምንት አሥር እደርሳለሁ፣ ሲከፋ ግን ሁለቷን አንብቤ እነሣለሁ። ሩጫ ለምትጀምሩም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በመጀመሪያው ቀን የሮጠ ሰው ትንፋሹ ያጥረውና በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ጫማ አድርጎ ሰፈሩን አንዴ በእግር ዞሮ መመለስ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። ገንዘብም ቢሆን በቀን 50 ብር በ12ቱ ወር 18,000 ብር ነው።

ምልክት አድርጉ። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ የተመቸ ነው፣ ከጳጉሜን በቀር ሁሉም ወር 30 ቀን ስለሆነ አንድ ወረቀት ላይ 30 ሳጥን አስምራችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የሠራችሁበትን ቀን ሙሉት። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በነጋታው እጥፍ ለመሥራት አትሞክሩ፣ ዕዳ ሲሆን ያስጠላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አንድ ተግባር ልማድ እስኪሆን እንደ ስሌታቸው በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ብዙም አልጎዳቸውም። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት አሁንም ከከበዳችሁ «እኔ አልሆንኩም» አትበሉ።

ዳኛም ያስፈልጋችኋል። እኔ በየእሑዱ የወረቀቱን ፎቶ ለእህቴ እልካለሁ። ምንም አትለኝም፣ ካልላክሁ ግን ትደውላለች። የሚቆጣ ሰው አትምረጡ፣ ትደብቁታላችሁ።

ግብ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ወዴት እንደምትሄዱ ለመምረጥ ያስፈልጋል፣ ከመረጣችሁ በኋላ ግን በየቀኑ አትዩት። ለዚያ ጳጉሜን አለች። በነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት አሥራ ሁለቱን ወረቀት ከግድግዳ አውርዱና ጎን ለጎን ዘርጉ። ባዶዎቹ ሳጥኖች ሁልጊዜ ቅዳሜ ላይ ከሆኑ የቅዳሜውን ሰዓት ቀይሩ። ከወሩ አጋማሽ በኋላ የሚበዙ ከሆነ መጠኑን ቀንሱ። ከዚያ የመስከረምን 30 ሳጥን አስምሩ።