ኮድ ጥሎ መጥፋት እና ሌሎች ስህተቶች፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ማገዝ ለሚፈልጉ ድርጅቶች

ማንም ኮዱን አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል፣ ማለትም ክፍት ምንጭ የሆነ ፕሮጀክት ስንከባከብ ከድርጅቶች የሚላክ ኮድ መመርመር ከጀመርኩ ቆየሁ። ያው ስህተት በየጊዜው በሌላ ድርጅት ስም ይመጣል፤ ትዕግሥቴ ስላለቀ ይህን ጻፍኩ።

ዋነኛው ኮድ ጥሎ መጥፋት ነው። አንድ ቡድን ማንንም ሳያማክር በሩን ዘግቶ ለወራት ይሠራል። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት አንድ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ከፕሮጀክቱ ኮድ ጋር ይዋሃድ የሚል ጥያቄ) ይልካል። አዲሱ አገልግሎት፣ የስም ለውጡ፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኘው እርማት ሁሉ በአንድነት ታጭቋል። ሙከራ የለውም፤ መግለጫው «እኛ ዘንድ ይሠራል» ይላል። «ግንኙነቱ መሃል ላይ ቢቋረጥ የተከፈተውን ፋይል ማን ይዘጋዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዝም። ቆይቶ ሌላ ሰው ይመልሳል፦ ኮዱን የጻፈው ባልደረባችን ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ ለመሆኑ መቼ ይዋሃዳል? አለቃችን ለሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይፈልገዋል።

ይህን እርዳታ ይሉታል! ከተቀበልኩበት ዕለት ጀምሮ ጣጣው የእኔ ነው። ስህተት ሲገኝበት የምጠየቀውም፣ ከአዲስ ስሪት ጋር የማጣጥመውም እኔ ነኝ። ኮድ መጻፉ ቀላሉ ሥራ ነው፤ የሚከብደው ለዓመታት መንከባከቡ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ሳትጽፉ ሐሳባችሁን አቅርቡ። ለውጡን ከፋፍላችሁ ላኩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮዱ ከተዋሃደ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው መድቡ፤ ያውም በሥራ ሰዓቱ። ይህን ካልቻላችሁ አትላኩ፤ አልቀየምም።

ማሻሻያን በጓዳ ማስቀረትም የዚህ ግልባጭ ነው፦ ድርጅቱ ኮዱን ለራሱ ያሻሽላል፤ ለውጡን ግን ለፕሮጀክቱ አይልክም። አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር የራስን ለውጥ እንደገና መለጠፍ ያታክታል፤ የታከተው ቡድን በአሮጌው ስሪት ላይ ይቀራል፤ የደኅንነት እርማቶችም ያመልጡታል።

ከአደጋ በኋላ ገንዘብ መበተን። እ.ኤ.አ. በ2014 ሐርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ክፍተት የድረ ገጾችን ግንኙነት በሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ሲገኝ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ድረ ገጾች የተማመኑበት ይህ ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ ያዋጡት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዛሬ ኦፕን ሶርስ ፕሌጅ የተባለው እንቅስቃሴ ድርጅቶችን በዓመት ቢያንስ 2,000 ዶላር የሚጠይቀው በሚቀጥሩት በእያንዳንዱ ፕሮግራመር ልክ ነው። በየዓመቱ የሚመጣ መጠነኛ ገንዘብ በድንጋጤ ከተሰጠ ትልቅ ቼክ ይሻላል፤ ሰው ሥራውን ለቆ በፕሮጀክቱ ላይ መኖር የሚችለው የሚቀጥለውን ዓመት ማቀድ ሲችል ብቻ ነው።

ተንከባካቢውን እንደ ተቀጣሪ ማዘዝ። «ደንበኞቻችን እየጠበቁ ነው፤ በአስቸኳይ ይታረም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰኛል። ፋይሎችን አጭቆ የሚያሳንሰውን የኤክስዜድን ታሪክ አስታውሱ። ፕሮጀክቱን ያለ ክፍያ የሚንከባከበው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ጎተጎቱት። ረዳት መስሎ የቀረበውም አመኔታ አገኘና እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ስሪት 5.6.0 ውስጥ የጀርባ በር (ድብቅ መግቢያ) አስገባ። የተደረሰበት አንድ የማይክሮሶፍት ባለሙያ ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ስላጠራጠረው ነው። የጎትጓቾቹን መልእክቶች ሳነብ ከድርጅቶች ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች የሚለያቸው ቃና አላገኘሁም። የምትጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞቻችሁ የቆሙባቸውን የሌሎች ዝግጁ ኮዶች) ዘርዝሩ፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያሉትን ለዩ፤ እርዳታውን ከእነርሱ ጀምሩ። አርማው የታወቀ ፕሮጀክት ሌላ ደጋፊ አያጣም።

ሠራተኛን በላከው ፑል ሪኩዌስት ብዛት መመዘን። እ.ኤ.አ. በ2020 ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ኮድ መላክን የሚያበረታታው ሃክቶበርፌስት የተባለው ዝግጅት አራት ለላከ ቲሸርት ሲሰጥ ፕሮጀክቶች በእርባና ቢስ ለውጦች ተጥለቀለቁ። ጭማሪ ደመወዝ ቢሆንማ!

በመጨረሻም የሕግ ክፍሉን ዘግይቶ ማስታወስ። ሠራተኛው በሥራው የጻፈው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የቀጣሪው ንብረት ስለሆነ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቋሚ የፈቃድ ደንብ ከሌለ የሦስት መስመር እርማት ለወራት ፊርማ ይጠብቃል፤ ፊርማው ሲገኝ ስህተቱን ሌላ ሰው አርሞታል።