የሰፈር ውስጥ መንገድ በጌጠኛ ድንጋይ እንዴት ይሠራል? ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ርክክብ

ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስወልቅ፣ በጋ ሲሆን አቧራው ልብስ የማያሰጣ መንገድ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኩት። ትልልቁን አስፋልት መንግሥት ይሠራዋል። የሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን በብዙ ከተሞቻችን የሚሠራው ነዋሪው ሲያዋጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ሲጨምርበት ነው። ከባድ ቢመስልም ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን የለፋችሁበትን ጎርፍ ይወስደዋል።

ኮብልስቶን፣ አንዳንዱ ቦታ እንደሚባለው ጌጠኛ ድንጋይ፣ በከተሞቻችን መነጠፍ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ ከጀመሩት መካከል ድሬዳዋ ቀዳሚዋ ናት። ያኔ የተመረጠበት ምክንያት ዛሬም አለ። ድንጋዩ ከአገር ይገኛል፤ እንደ ሬንጅ በዶላር አይገዛም። የሚጠርበውም የሚያነጥፈውም የከተማው ወጣት ነው። ሲበላሽ ደግሞ ነቅሎ መልሶ መትከል ይቻላል።

ኮሚቴውና ገንዘቡ

ሁሉም ቤት በሚገኝበት እሁድ ተሰብሰቡ። 5 ወይም 7 ሰው ምረጡ፤ ሴቶች ይኑሩበት። እድር ካላችሁ ከእሱ ጀምሩ። የአባወራውና የእማወራው ዝርዝር እዚያ አለ፣ መተማመኑም አለ። የተወሰነውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ገንዘቡ በግለሰብ ስም አይቀመጥ። በኮሚቴው ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ካልፈረሙ ገንዘብ አይውጣ። ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ ስጡ። በየወሩ ማን ስንት እንዳዋጣና ምን ወጪ እንደሆነ ጽፋችሁ ሰው በሚያየው ቦታ ለጥፉ። እኛ ሰፈር የመጀመሪያው መዋጮ የቆመው ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። ገንዘቡ ሙሉ ነበር፤ ሒሳቡን ግን ያየ ሰው ስላልነበረ ሐሜቱ ቀደመ።

አከፋፈሉ ላይ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። በየቤቱ እኩል ማድረግ ቀላል ነው። እኔ ግን በግቢው ፊት ስፋት ቢሆን እመርጣለሁ። ሰፊ ግቢ ያለውና በጠባብ ግቢ ልጆቿን የምታሳድግ እናት እኩል ሊከፍሉ አይገባም። አቅም የሌለው በጉልበቱ ያግዝ። ተከራይን ደግሞ አታስከፍሉ። መንገዱ ሲሠራ የቤቱ ዋጋ የሚጨምረው ለባለቤቱ ነው፤ ለተከራዩ የሚተርፈው የኪራይ ጭማሪ ነው። ከቻላችሁ አከራዮቹ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ኪራይ እንዳይጨምሩ ተስማሙና ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት። ውጭ ሀገር ያሉ የሰፈሩ ልጆችም ሲጠየቁ ይረዳሉ፤ የባንኩን መግለጫና የመንገዱን ፎቶ ላኩላቸው።

ማዘጋጃ ቤት መቼ ይኬዳል?

ብዙ ሰፈር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገንዘቡን ሰብስቦ ግንቦት ላይ ይሄዳል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የዓመቱ ዕቅድ ደግሞ ከዚያ ከወራት በፊት ይዘጋጃል። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይግባ። ቃለ ጉባኤውን፣ የነዋሪዎቹን ፊርማ፣ የባንክ መግለጫውንና የመንገዱን ርዝመትና ስፋት አያይዙ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ።

በ2010 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ድጋፍ ያጸደቀለት የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ከተሞቹ ገንዘቡን ለማግኘት ነዋሪውን አማክረው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም ገንዘቡ በየትኛው ግንባታ ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ዕቅድ፣ ማዘጋጀት ነበረባቸው። ይህ አሠራር ለእናንተ ጥሩ በር ነው። ምክክር ሲጠራ ሂዱ፤ «መንገዳችን በዘንድሮው ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የከተማው ድርሻ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ ከከተማ ከተማ ይለያያል።

በከተማው ፕላን ላይ መንገዱ ስንት ሜትር እንደሆነም አረጋግጡ። አጥር ገፍቶ የገባ ካለ አሁኑኑ በሽማግሌ ጨርሱት። ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ አጥር ማስነሳት ጎረቤትን ያቃቅራል።

ከድንጋዩ በፊት ውሃው

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ክፍል አስታውሱ። መንገድን የሚያፈርሰው መኪና ሳይሆን ውሃ ነው።

የእኛን መንገድ መጀመሪያ ያስነጠፍነው ያለ ቦይ ነበር። ገንዘቡ አልበቃ ሲል «ቦዩ ይቆየን» አልን። ሲመረቅ ያምር ነበር። በዚያው ክረምት ውሃው ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ አጥቦ ወሰደው፣ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋዩ ሰመጠ። እንደገና ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብን።

እና ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሂዱበት። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያቁር፣ መጨረሻው የት እንደሆነ እዩ። ቦዩ ወንዝ ወይም ዋናው የከተማ መፋሰሻ ላይ መድረስ አለበት። የታችኛው ጎረቤት በር ላይ የሚያልቅ ቦይ ጎርፉን ለእሱ ማስረከብ ነው። በየግቢው መግቢያ ቦዩን የሚሸፍነው ስላብ የሚነሳ ይሁን፣ ካልሆነ ማጽዳት አትችሉም። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ከድንጋዩ ርዝመት ቀንሱ እንጂ ቦዩን አትተዉ።

ውሃ አገልግሎትን፣ ቴሌንና መብራት ኃይልንም አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። የሚቀበር ቧንቧና ኬብል ካላቸው አሁን ይቅበሩ።

ንጣፉ

ሥራው በጥቅምት ተጀምሮ ከክረምት በፊት ይለቅ። ቀያሹ ከፍታና ዝቅታውን ይለካል፣ አፈሩ ይቆረጣል። ጥቁር መረሬ አፈር ከሆነ ወጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት አለበት፤ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተመረጠው አፈር ውሃ እየጠጣ በሩሎ ይጠቀጠቅ። ቀጥሎ ግራና ቀኝ የጠርዝ ድንጋይ ይተከላል፤ እሱ ካልጠበቀ ንጣፉ ወደ ጎን ይሸሻል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ በላዩ ድንጋዩ።

ድንጋዩ በሁሉም ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ርዝመቱ 200፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ መንገድ 100,000 ገደማ ድንጋይ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲራገፍ አንድ ሰው ማስመሪያ ይዞ ይቁም። ስስ የሆነውን፣ ከሥር የሾለውን፣ በመዶሻ ሲመታ የሚፈረፈረውን መልሱ። የመንገዱ መሃል ከጠርዙ ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ። በመጨረሻ ክፍተቱ በአሸዋ ይሞላል፣ ውሃ ይረጫል፣ በኮምፓክተር ይጠቀጠቃል።

ለአንጣፊዎቹ ማህበር ሥራው እየተለካ በየደረጃው ክፈሉ። የክፍያውን ጥቂት ክፍል አንድ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣ ማስቀመጥ እንደምትፈልጉ ከመጀመሪያው ውል ላይ ይጻፍ። መስከረም ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጋር መንገዱን ተመላልሳችሁ እዩት። የሰመጠው ተስተካክሎ፣ የታጠበው አሸዋ ተሞልቶ ሲያልቅ ተረከቡ። ኮሚቴውንም አትበትኑ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቦዩን ማን ከየት እስከ የት እንደሚያጸዳ በየቤቱ ስም የተጻፈ ዝርዝር እድሩ ዘንድ ይቀመጥ።