የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ከመምረጥዎ በፊት ጥንካሬውንና ድክመቱን እንዴት ይፈትሻሉ?

በሙያ ደረጃ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሶፍትዌሮች በአንዱ ላይ መሥራቱ አይቀርም፤ እነርሱም ፕሪሚየር ፕሮ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ፋይናል ከት ፕሮ እና አቪድ ሚዲያ ኮምፖዘር ናቸው። አራቱም ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ቀለም ያስተካክላሉ፣ ድምፅ ያመጣጥናሉ፤ ስለዚህ የማስተዋወቂያ ቪዲዮአቸውን አይቶ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ አይቻልም። ልዩነታቸው ገሃድ የሚወጣው ከባድ ቀረጻ ሲጫንባቸው፣ ሥራው ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲተላለፍ፣ ወይም ደንበኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ «ያንን ሥራ ትንሽ አስተካክሉልኝ» ሲል ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ፈተና ገንዘብ ሳያወጡ፣ በራስዎ ቀረጻና በራስዎ ኮምፒውተር የሚደረግ ነው። ሲፈትሹ ሥራው እንዴት ወደ ሶፍትዌሩ እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን እንዴት ከእርሱ እንደሚወጣ አጥብቀው እንዲመለከቱ እመክራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ በኩል ነውና።

ለፈተና የሚሆን ቀረጻ

ከኢንተርኔት የወረደ የናሙና ቀረጻ አይጠቀሙ። ከሚያዘወትሩት ሥራ ውስጥ ከባዱን ይምረጡ። ሠርግ የሚሠሩ ከሆነ በሁለት ካሜራ በ4ኬ የተቀረጸ፣ አንድ ዘመድ በስልኩ ያነሣው ቁራጭ የገባበት፣ ድምፁም በተለየ መቅጃ የተያዘ የአንድ ፕሮግራም ክፍል ይውሰዱ። የተጠናቀቀው ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሆኖም ከጥሬው ቀረጻ መካከል ቢያንስ አንዱ ሳይቋረጥ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ የሚሄድ ይሁን። ምክንያቱን ወደ ድምፁ ጉዳይ ስንደርስ ያዩታል። ሪዞልቭ ነፃ እትም አለው፤ ሌሎቹም የሙከራ ጊዜ ስለሚሰጡ ይህንኑ አንድ ቀረጻ በየተራ በሁሉም ላይ (ፋይናል ከትን ግን በማክ ብቻ) መሞከር ይቻላል።

ቀረጻው ለምን ይንተፋተፋል?

መጀመሪያ ቀረጻዎቹን ታይምላይን (ቀረጻዎቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አስቀምጠው ያጫውቱ። ከተንተፋተፈ ብዙ ሰው ወዲያው ሶፍትዌሩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ይወቅሳል፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ፋይሉን ባስቀመጠበት መንገድ ላይ ነው። ኤች.264 እና ኤች.265 የተባሉት ኮዴኮች (ቪዲዮን አጭቆ የማስቀመጫ ስልቶች) ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ ምስል አድርገው አያስቀምጡም። በየተወሰነ ርቀት አንድ ሙሉ ፍሬም ያኖሩና በመካከል ላሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። በመሆኑም ታይምላይኑ መካከል ላይ ሲያቆሙ ሶፍትዌሩ ያንን አንድ ፍሬም ለማሳየት ጎረቤቶቹን ሁሉ ፈትቶ ማስላት አለበት። ለማየት ምቹ የሆነው ፋይል ለመቁረጥ አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ እንደ ሶኒ ኤ7 አራት ያሉ ካሜራዎች የሚቀርጹት ባለ10 ቢት፣ 4:2:2 የሆነ (ማለትም ብዙ የቀለም መረጃ የያዘ) ኤች.265 ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ይህን ዓይነት ፋይል በካርዱ መፍታት የጀመረው በ2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ውድ ካርዶች ጭምር ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ይተዉታል። ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብሮ በተሠራላቸው ግራፊክስ፣ እንዲሁም የአፕል ኤም ቺፖች ይህንኑ ፋይል ሳይቸገሩ ይፈቱታል። ፋይናል ከት በአንድ ተራ ማክቡክ ላይ ከትልቅ ዴስክቶፕ ይልቅ ሲፈጥን የሚታየው በከፊል በዚሁ የተነሣ ነው። ነፃው ሪዞልቭ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ አንዳንድ ባለ10 ቢት ፋይሎችን ድምፃቸውን ብቻ አሰምቶ ምስላቸውን ሊያስቀር ይችላል፤ ስለዚህ የካሜራዎን ፋይል ሳይሞክሩ ለደንበኛ ቀን አይቁረጡ።

መፍትሔው ፕሮክሲ ነው፤ ማለትም ከዋናው ቀረጻ ቀለል ያለ ቅጂ አውጥቶ በእርሱ መቁረጥና በመጨረሻ ወደ ዋናው መመለስ። በ1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የሆነ የፕሮሬስ (የአፕል ኮዴክ ነው) ፕሮክሲ በሰከንድ 38 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል፤ ይህም በሰዓት ወደ 17 ጊጋባይት ይጠጋል። ሦስት ካሜራ እያንዳንዱ አራት ሰዓት ከቀረጸ ለፕሮክሲው ብቻ ከ200 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው። አራቱም ሶፍትዌሮች ፕሮክሲ ይሠራሉ። በፈተናው የሚታየው ግን ከፕሮክሲ ወደ ዋናው ቀረጻ መመለሱ ነው፦ ፕሮክሲው የተቀመጠበትን ፎልደር ስም ይለውጡና ሶፍትዌሩ ዋናውን ቀረጻ ያለ ችግር ያገኝ እንደሆነ ይመልከቱ።

ድምፁና ፍሬም ሬቱ

ስልኮች ብዙውን ጊዜ የሚቀርጹት በማይዋዥቅ ፍሬም ሬት አይደለም፤ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስልኩ ሲግል በሰከንድ የሚይዙት ፍሬም ይቀያየራል። መጀመሪያው ላይ ከንፈርና ድምፅ ልክ ሆነው ይታያሉ፤ ወደ መጨረሻው ግን እየተራራቁ ይሄዳሉ። ረጅም ቀረጻ ይያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍተሻውን ከቀረጻው መጨረሻ ይጀምሩ። መራራቅ ካለ ቀረጻውን እንደ ሃንድብሬክ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ለውጠው ያስገቡ። ኢትዮጵያን ጨምሮ መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሁሉ 25 ፍሬም አምፖል እንዳይንቀጠቀጥ ያግዛል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም የሚቀበሉት በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ሪዞልቭ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ለፕሮጀክቱ አስቀድሞ የሚሰጠው ፍሬም ሬት 24 ነው፤ ቀረጻው ገብቶ ሥራ ከተጀመረ በኋላም የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት መለወጥ አይፈቅድም። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፍቱ ምንም ነገር ሳያስገቡ 25 ማድረግን ልማድ ያድርጉት።

የአማርኛ ጽሑፍ

ከውጭ አገር የሚመጡ የሶፍትዌር ግምገማዎች ይህን ስለማይነኩት ፈተናው በእኛ ላይ ይወድቃል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበት የጋራ ኮድ) የገባው በ1999 ነው፤ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ እና ኖቶ ያሉት ፎንቶችም በዚሁ መሠረት የተሠሩ በመሆናቸው በአራቱም ሶፍትዌሮች ላይ ሊያገለግሉ ይገባል። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ ፎንቶች ግን ጽሑፉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለውጡታል። ለፈተና እንደ ቋ፣ ጓ፣ ኋ እና ሟ ያሉ ፊደሎች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ የገቡበት ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ባዶ ሳጥን የታየበት ቦታ ካለ ፎንቱ ጎደሎ ነው። በመቀጠል ያንኑ ዓረፍተ ነገር በኤስአርቲ (የሰብታይትል ጽሑፍ) ፋይል፣ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስቀመጫ ዓይነት) አስቀምጠው እንደ ሰብታይትል ያስገቡት፤ መስመሩ ቃል መሐል ላይ እንደማይሰበርም ይመልከቱ።

ንግግርን በራሱ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ አገልግሎት በፕሪሚየርም በሚከፈልበት ሪዞልቭም አለ፤ ለብዙዎች ሥራ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ሆኖም አማርኛ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በዓይንዎ ሳያዩ ለዚህ ጥቅም ሲሉ ገንዘብ አያውጡ።

ቀለምና የድምፅ ቅንብር

በቀለም ሪዞልቭን የሚያህል የለም። መጀመሪያም የተፈጠረው ለቀለም ሥራ ብቻ ነበር፤ ብላክማጂክ ዲዛይን ኩባንያውን በ2009 ከገዛ በኋላ ኤዲቲንጉን፣ ፌርላይት የተባለውን የድምፅ ክፍልና ፊውዥን የተባለውን የኢፌክት ክፍል ጨመረበት። የሚያስከፍለውም የግራፊክስ ካርድ ጉልበት ነው፤ ካርዱ ደካማ ከሆነ ፕሪሚየር በተሻለ ይታገሣል። ፕሪሚየር ደግሞ ከአፍተር ኢፌክትስና ከፎቶሾፕ ጋር ባለው ቁርኝት ይበልጣል፤ ማስታወቂያ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሥራው እንዴት ይወጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አፕል በሰኔ 2011 ፋይናል ከት ፕሮ አሥርን ሲያወጣ አዲሱ ሶፍትዌር በአሮጌው ፋይናል ከት 7 የተሠሩ ፕሮጀክቶችን አይከፍትም ነበር፤ ሥራን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማስተላለፊያው ኤክስኤምኤልና የብዙ ካሜራ ኤዲቲንጉም በመጀመሪያው እትም አልነበሩም። ጥቂቶቹ በኋላ ተመለሱ፤ ነገር ግን ብዙ ባለሙያ በዚያ መካከል ወደ ፕሪሚየርና ወደ አቪድ ሄደ። ዛሬ ፋይናል ከት ፈጣንና የተረጋጋ ሶፍትዌር ነው፤ ያ ታሪክ ግን የዓመታት ሥራን በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ ማንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ስለዚህ የሠሩትን አምስት ደቂቃ በኤክስኤምኤል ወይም በኢዲኤል (የቁርጦቹን ዝርዝር በያዘ ፋይል) አውጥተው በሌላ ሶፍትዌር ይክፈቱት። ቁርጦቹና ቀላል መሸጋገሪያዎቹ ይተላለፋሉ፤ የቀለም ሥራው፣ በፕለጊን የተሠራው ርዕስና ፍጥነት የተቀያየረበት ቀረጻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። የትኛው እንደቀረ በወረቀት ይመዝግቡ። ከዚያ ሙሉውን ፎልደር ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱና ቀረጻዎቹን መልሰው ያገናኙ። በዚህ ጊዜ የየሶፍትዌሩ ጉድለት ይወጣል። በአዲሱ ፕሪሚየር የተቀመጠ ፕሮጀክት በአሮጌው አይከፈትም፤ ጓደኛዎ አሮጌውን እትም የሚጠቀም ከሆነ ሥራውን ማካፈል አይችሉም። ሪዞልቭ ፕሮጀክቱን እንደ ተራ ፋይል በፎልደር ውስጥ ሳይሆን በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀረጻውን ብቻ ገልብጦ ዊንዶውስ ፎርማት ያስደረገ ሰው ሥራውን ሁሉ ያጣል፤ ከየፕሮጀክቱ በኋላ ለብቻው ኤክስፖርት ማድረግ ግዴታ ነው።

አቪድ በዚህ በኩል የሚያስከብረው ጥንካሬ አለው። ከ1989 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ብዙ ኤዲተሮች በአንድ ማከማቻ ላይ ሲሠሩ አንዱ የከፈተውን ቢን (ቀረጻና ሥራ የሚቀመጥበት ማኅደር) ሌላው እንዳያበላሽ ይቆልፋል። ለትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ለተከታታይ ድራማ ይህ ወሳኝ ነው፤ ለመማር አስቸጋሪ በመሆኑ ግን ብቻውን ቤቱ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ሳይሞክሩ አይለፉ። ሥራ መሐል ላይ ሶፍትዌሩን ከታስክ ማናጀር በግድ ይዝጉትና ሲመለስ ስንት ደቂቃ ሥራ እንደጠፋ ይዩ። ፋይናል ከት በየእርምጃው በራሱ ያስቀምጣል፤ ሪዞልቭም ላይቭ ሴቭ ሲበራ እንዲሁ። በፕሪሚየር ግን የማስቀመጫውን ጊዜ ራስዎ ዝቅ አድርገው፣ ቅጂውንም ከፕሮጀክቱ በተለየ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ያዙት።

ክፍያው

የፕሪሚየር ባለቤት አዶቢ ከ2013 ጀምሮ አዳዲስ እትሞቹን በኪራይ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ክፍያው ሲቋረጥ የራስዎ ፕሮጀክት ቢሆንም መክፈት አይችሉም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ከማንኛውም የቴክኒክ ጉድለት በላይ ይከብዳል። የሚከፈልበት ሪዞልቭ፣ ማለትም ሪዞልቭ ስቱዲዮ፣ 295 ዶላር፣ ፋይናል ከት 299.99 ዶላር አንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው የሚቆዩ ናቸው፤ ለፋይናል ከት ግን ማክ ያስፈልጋል። የተሰበረ እትም ማውረድን አማራጭ አድርገው አይቁጠሩት፤ ቫይረስ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፣ ከደንበኛ የተረከቡት ቀረጻም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ነፃው ሪዞልቭ እስከ 3840 በ2160፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ስለሚያወጣ ለአብዛኛው የሠርግና የዩቲዩብ ሥራ ይበቃል፤ እንደኔ ከሆነ በአገር ውስጥ አዲስ የሚጀምር ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

የትኛውንም ቢመርጡ የፈተናውን ፕሮጀክት አይሰርዙት። አዲስ እትም ሲወጣ በእጅዎ ያለውን ሥራ ሳይጨርሱ አያድሱ፤ ካደሱም በኋላ መጀመሪያ ይህንኑ የፈተና ፕሮጀክት ከፍተው ይሞክሩት። እያንዳንዱ የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ ሙሉ ጥራት ያለውን የመጨረሻ ቪዲዮ በፕሮሬስ፣ የፕሮጀክቱን ፋይል፣ ኤክስኤምኤሉን፣ የተጠቀሙባቸውን ፎንቶችና የኤስአርቲ ፋይሉን በአንድ ፎልደር አድርገው በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡ፤ በፎልደሩም ውስጥ የሶፍትዌሩን ስምና የእትሙን ቁጥር የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይተዉ።